የሃርድ ዲስክ ክፍልፍል በባለ ብዙ ዲስክ ኮምፒዩተር

የሃርድ ዲስክ ክፍልፍል፣ በተለምዶ ፓርቲሽን የሚባለው፣ በአንድ የመረጃ ማከማቻ ዲስክ ላይ ድንበር ተበጅቶለት ኮምፒዩተሩ ራሱን እንደቻለ ዲስክ የሚያየው ቦታ ነው። ዊንዶውስ ላይ «ሲ» እና «ዲ» ተብለው የሚታዩት ሁለት ድራይቮች በአንድ ዲስክ ላይ ያሉ ሁለት ክፍልፍሎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለት የተለያዩ ዲስኮችም ሊሆኑ ይችላሉ። በስክሪኑ ላይ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም። ልዩነቱ የሚታወቀው ዲስክ በተበላሸ ቀን ነው፦ በአንድ ዲስክ ላይ ያሉ ክፍልፍሎች ሁሉ አብረው ይጠፋሉ፣ በሌላ ዲስክ ላይ ያለው ግን ይተርፋል። ስለዚህ አንድ የቤት ኮምፒዩተር ሁለትና ከዚያ በላይ ዲስኮች ሲኖሩት፣ የትኛው ፋይል በየትኛው ዲስክ ላይ እንደሚቀመጥ መወሰን ከመከፋፈሉ ሥራ ይቀድማል።

ታሪክ

በሃርድ ዲስክ የሚሠራ የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ ኮምፒዩተር አይቢኤም በ1956 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ራማክ ነው። የዲስክ ክፍሉ 50 የሚሽከረከሩ ሳህኖች ነበሩት፤ በጠቅላላው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ይይዝ ነበር።

ሃርድ ዲስክ በግል ኮምፒዩተር ላይ የተለመደው አይቢኤም በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፒሲ ኤክስቲ ነው። ይህ ኮምፒዩተር 10 ሜጋባይት የሚይዝ ዲስክ ነበረው። ከእሱ ጋር የወጣው ዶስ 2.0 የክፍልፍል ሰንጠረዥን አስተዋወቀ፤ ዓላማውም ከአንድ በላይ ስርዓተ ክወና ወይም ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአንድ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ ማስቻል ነበር። ቆየት ብሎ መከፋፈል ግዴታ ሆነ፤ ዶስ እስከ 3.3 ባሉት እትሞቹ ከ32 ሜጋባይት የሚበልጥ ክፍልፍል መጠቀም ስለማይችል ትልቅ ዲስክ የገዛ ሰው ሳይከፋፍል ሙሉውን ሊጠቀምበት አይችልም ነበር።

የዊንዶውስ ዋና ክፍልፍል ዛሬም «ሲ» የሚባለው ከዚያ ዘመን በቀረ ልማድ ነው። «ኤ» እና «ቢ» የተባሉት ፊደላት ለፍሎፒ ዲስኮች ተይዘው ስለነበር ለመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ የደረሰው ሦስተኛው ፊደል ነበር። ፍሎፒው ቢጠፋም ፊደሉ እንዳለ ቀርቷል።

የዲስክ ዓይነቶች

በቤት ኮምፒዩተር ውስጥ በብዛት የሚገኙት ዲስኮች ሦስት ዓይነት ናቸው።

• ባለ ሳህን ሃርድ ዲስክ፦ መረጃውን በሚሽከረከር ሳህን ላይ በማግኔት ይጽፋል። የተለመደው ፍጥነት በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ዙር ነው። ለያዘው መጠን ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ዝግተኛ ነው፣ በሚሠራበት ጊዜም ከተመታ ወይም ከወደቀ በቀላሉ ይበላሻል።
• የሳታ ኤስኤስዲ፦ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ መረጃውን በኤሌክትሮኒክ ቺፕ ላይ ያስቀምጣል። በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት አካባቢ ያነብባል።
• ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ፦ ኤም.2 በተባለ ማስገቢያ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካል። ፍጥነቱ ከሳታ ኤስኤስዲ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በቆዩ ኮምፒዩተሮች ላይ አይዲኢ የተባለ ሰፊ ኬብል ይገኛል። በአንድ ኬብል ላይ ሁለት ዲስኮች ይሰካሉ፤ የትኛው የመጀመሪያ፣ የትኛው ሁለተኛ እንደሆነ የሚለየው ከዲስኩ ጀርባ ባለች ትንሽ መሰኪያ፣ በጃምፐር ነው። ሁለቱም ዲስኮች ጃምፐራቸው በአንድ ዓይነት ከተቀመጠ ኮምፒዩተሩ በትክክል ላያያቸው ይችላል። በሳታ ግን ለእያንዳንዱ ዲስክ የራሱ ኬብል ስላለው ይህ ችግር የለም።

ዲስኩን መግጠም

ሥራው የሚጀመረው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከሶኬት በመንቀል ነው። የኮምፒዩተሩ ሳጥን ጎን በካቻቢቴ ከተከፈተ በኋላ፣ በሰውነት ላይ ያለ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ቺፖቹን እንዳይጎዳ ቀለም ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት መንካት ያስፈልጋል። ከዚያም ዲስኩ በቦታው በብሎን ይታሰራል። የሳታ ዲስክ ሁለት ኬብሎች ይሰኩበታል፦ ጠባቡ የመረጃ ኬብል ከማዘርቦርዱ፣ ሰፊው የኃይል ኬብል ደግሞ ከፓወር ሰፕላዩ ይመጣል።

በዚህ ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ሁለት ችግሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ከፓወር ሰፕላዩ ላይ የሚነቀል ኬብል ከሌላ ፓወር ሰፕላይ ጋር ሲቀያየር የሚደርሰው ጉዳት ነው። ጫፋቸው ቢመሳሰልና ቢገጥምም የውስጥ ሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ከአምራች አምራች ስለሚለይ ዲስኩን ሊያቃጥል ይችላል። ሁለተኛው፣ በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ኤም.2 ማስገቢያው ሲያዝ አንድ ወይም ሁለት የሳታ መሰኪያዎች ሥራ ያቆማሉ። አዲስ ኤስኤስዲ ከተገጠመ በኋላ የቀድሞው ዲስክ ካልታየ ዲስኩ ተበላሽቷል ከማለት በፊት ኬብሉን ወደ ሌላ መሰኪያ ማዛወር ይበቃ ይሆናል።

አዲስ ዲስክ በትክክል ቢገጠምም በዊንዶውስ ፋይል መስኮት ውስጥ ወዲያው አይታይም። ሰንጠረዥ፣ ክፍልፍልና ፋይል ሲስተም ገና አልተበጀለትም። ይህ ሥራ የሚሠራው በዊንዶውስ ውስጥ ዲስክ ማኔጅመንት በተባለው መሣሪያ፣ በሊኑክስ ደግሞ እንደ ጂፓርትድ ባሉ ፕሮግራሞች ነው።

የክፍልፍል ሰንጠረዥ

ክፍልፍሎቹ ከየት ጀምረው የት እንደሚያልቁ የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ በዲስኩ ላይ ይቀመጣል። በጥቅም ላይ ያሉት ሁለት ዓይነት ሰንጠረዦች ናቸው።

ኤምቢአር የቆየው ዓይነት ነው። በዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ 512 ባይቶች ውስጥ ይቀመጣል። ለሰንጠረዡ የተተወው ቦታ 64 ባይት ብቻ ስለሆነ ከአራት በላይ ዋና ክፍልፍሎችን መመዝገብ አይችልም። ከአራቱ አንዱ «የተራዘመ» ተብሎ በውስጡ ሌሎች ክፍልፍሎች ሊይዝ ይችላል። በተለመደው የ512 ባይት ሴክተር ኤምቢአር ከ2.2 ቴራባይት ገደማ በላይ ያለውን ቦታ መቁጠር አይችልም፤ ስለዚህ 4 ቴራባይት ዲስክ በኤምቢአር ከተዘጋጀ ግማሽ የሚጠጋው ቦታ ሥራ ፈት ይሆናል።

ጂፒቲ አዲሱ ዓይነት ነው። በተለመደው አሠራር 128 ክፍልፍሎችን ይመዘግባል፤ የሰንጠረዡን ሁለተኛ ቅጂም በዲስኩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የፊተኛው ቢበላሽ ከኋለኛው ማስተካከል ይቻላል። ዊንዶውስ 11 ዩኢኤፍአይ ያለው ኮምፒዩተር ስለሚጠይቅ፣ የሚነሳበት ዲስክ ጂፒቲ መሆን አለበት። የዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት አንዱን ሰንጠረዥ ወደ ሌላው የሚቀይረው በዲስኩ ላይ ምንም ክፍልፍል በሌለበት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ምርጫው ፋይል ከመጫኑ በፊት ቢደረግ ይሻላል።

ፋይል ሲስተም

ክፍልፍሉ ድንበር ብቻ ነው። በውስጡ ፋይሎች እንዴት እንደሚቀመጡ የሚወስነው ፋይል ሲስተም ይባላል፤ ክፍልፍልን ፎርማት ማድረግ ማለትም በላዩ ላይ ፋይል ሲስተም ማበጀት ነው።

• ፋት32፦ ሁሉም መሣሪያ ያነበዋል፤ ነገር ግን 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል መያዝ አይችልም። ረጅም ፊልም ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚል መልእክት የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።
• ኤክስፋት፦ ይህ ገደብ የሌለው ሲሆን በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ መካከል ለሚዘዋወር ዲስክ ይመረጣል።
• ኤንቲኤፍኤስ፦ የዊንዶውስ ዋና ፋይል ሲስተም ነው፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ኤንቲ 3.1 ጋር ወጣ። ለውጦችን አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚይዝ ድንገት መብራት ቢጠፋም የራሱን አደረጃጀት መልሶ ማስተካከል ይችላል።
• ኤክስት4፦ በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ የተለመደ ነው። እንደ ኤንቲኤፍኤስ መዝገብ ይይዛል። ዊንዶውስ ግን ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አያነበውም።

ፋይሎቻቸውን በግዕዝ ፊደል ለሚሰይሙ ሰዎች አንድ ልዩነት አለ። በኤንቲኤፍኤስ የአንድ ፋይል ስም እስከ 255 ፊደላት ሊሆን ይችላል። በኤክስት4 ደግሞ ገደቡ 255 ባይት ነው፤ ሊኑክስ ላይ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ስሙ ከ85 ፊደላት ማለፍ አይችልም። በዊንዶውስ ላይ ያለ ችግር የቆየ ረጅም የአማርኛ ስም ያለው ፋይል ወደ ሊኑክስ ዲስክ አልገለበጥም የሚለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስሙን ማሳጠር ብቻ ይበቃል።

በስክሪን የሚታየው መጠን

1 ቴራባይት ተብሎ የተገዛ ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ ይታያል። ሻጩ አላታለለም፤ ቦታውም አልጠፋም። አምራቾች 1 ጊጋባይትን 1,000,000,000 ባይት አድርገው ይቆጥራሉ፤ ዊንዶውስ ግን 1,073,741,824 ባይት አድርጎ ይቆጥራል። በዚሁ ስሌት 500 ጊጋባይት 465 ሆኖ ይታያል። ክፍልፍሎችን ሲያቅዱ በስክሪን የሚታየውን ቁጥር መያዝ ይሻላል።

የአደረጃጀት ምሳሌ

ሦስት ዲስኮች ያሉትን ኮምፒዩተር እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል፦ 250 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ 1 ቴራባይት ባለ ሳህን ዲስክ እና 1 ቴራባይት በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ዲስክ።

• በኤስኤስዲው ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙና ፕሮግራሞች ይጫናሉ። ኮምፒዩተሩ ቶሎ የሚነሳው በዚህ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን ከ«ሲ» ሌላ ትንንሽ ክፍልፍሎችን ራሱ ይፈጥራል፤ ከነሱ አንዱ 100 ሜጋባይት ያህል የሆነው የማስነሻ ክፍልፍል ነው። ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ እነዚህ ቢሰረዙ ኮምፒዩተሩ ላይነሳ ይችላል።
• በባለ ሳህኑ ዲስክ ላይ ፎቶግራፎች፣ ቪዲዮዎች፣ ሰነዶችና የትምህርት ፋይሎች ይቀመጣሉ። አንድ ክፍልፍል ብቻ ይበቃዋል። በዊንዶውስ ላይ «ዶክዩመንትስ» እና «ፒክቸርስ» የተባሉት ፎልደሮች ቦታቸው ወደዚህ ዲስክ ሊዛወር ይችላል።
• በውጭው ዲስክ ላይ የሁለተኛው ዲስክ ቅጂ ይቀመጣል። ቅጂው ካለቀ በኋላ ዲስኩ ተነቅሎ ለብቻው ይቆያል።

ባለ ሳህኑን ዲስክ ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ዋናውን፣ በሌላው ቅጂውን ማስቀመጥ የተለመደ ስህተት ነው። ዲስኩ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። መከፋፈል የሚጠቅመው ሥራን ለመለየት ነው፤ ለምሳሌ ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን «ሲ» ብቻ ፎርማት ተደርጎ በሌላ ክፍልፍል ያሉት ፋይሎች ሳይነኩ ይቀራሉ። ዲስኩ ራሱ ሲበላሽ ግን መከፋፈል ምንም አያድንም።

አንድን ዲስክ ብዙ ቦታ መቆራረጥም የራሱ ችግር አለው። «ሲ» ሞልቶ «ዲ» ባዶ ሲሆን የ«ዲ»ን ቦታ ለ«ሲ» መስጠት ቀላል አይደለም። የዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት አንድን ክፍልፍል የሚያሰፋው በዚያው ዲስክ ላይ ከጎኑ፣ ወዲያው ተከትሎት ያልተመደበ ቦታ ካለ ብቻ ነው። በሌላ ዲስክ ላይ ያለ ባዶ ቦታ ለዚህ አይሆንም።

ዲስክን ማምታታት

በባለ ብዙ ዲስክ ኮምፒዩተር ላይ ትልቁ አደጋ የተሳሳተ ዲስክ ፎርማት ማድረግ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን ዲስኮቹ «ዲስክ 0»፣ «ዲስክ 1» እየተባሉ ይዘረዘራሉ፤ «ሲ» እና «ዲ» የሚሉት የለመዱ ፊደላት በዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገኙም። ቁጥሮቹም ኬብሎቹ ሲቀያየሩ ሊለወጡ ይችላሉ። ሊኑክስም ለዲስኮች የሚሰጣቸው «ኤስዲኤ» እና «ኤስዲቢ» የሚባሉ ስሞች ኮምፒዩተሩ በተነሳ ቁጥር አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ፤ በዚህ የተነሳ ሊኑክስ እያንዳንዱን ክፍልፍል የሚለይበት የማይለወጥ መለያ ቁጥር ጥቅም ላይ ይውላል።

ሁለት ዲስኮች መጠናቸው እኩል ሲሆን በዝርዝሩ ላይ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። አስተማማኙ ዘዴ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲጫን ከአንዱ ዲስክ በስተቀር የሌሎቹን ኬብል መንቀል ነው። የተነቀለ ዲስክ በስህተት ሊጠፋ አይችልም።

ይህ ዘዴ ሌላም ጥቅም አለው። የዊንዶውስ መጫኛ በሌላ ዲስክ ላይ ቀድሞ የነበረ የማስነሻ ክፍልፍል ካገኘ ማስነሻውን እዚያ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከወራት በኋላ ያ አሮጌ ዲስክ ሲወጣ ወይም ሲበላሽ፣ ዊንዶውስ በአዲሱ ዲስክ ላይ ደህና ሆኖ ሳለ ኮምፒዩተሩ አይነሳም።

ሌላው የሚያግዝ ነገር ለእያንዳንዱ ክፍልፍል «ሥራ»፣ «ቤተሰብ»፣ «ቅጂ» የሚል ስም መስጠት ነው። ኤንቲኤፍኤስ እስከ 32 ፊደላት የሚደርስ ስም ይቀበላል። ኤክስት4 ግን 16 ባይት ብቻ ስለሚቀበል በግዕዝ ፊደል ከአምስት ፊደላት በላይ አይይዝም።

ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ኮምፒዩተር

ሁለት ዲስኮች ካሉ ለእያንዳንዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንድ ዲስክ መስጠት በአንድ ዲስክ ላይ ከማዳበል ይሻላል፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይነሳል። ለሁለቱም የሚያገለግሉ ፋይሎች በኤንቲኤፍኤስ ወይም በኤክስፋት ክፍልፍል ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በዊንዶውስ ላይ ፋስት ስታርትአፕ የተባለው አሠራር ከበራ፣ ኮምፒዩተሩ ሲዘጋ ክፍልፍሉ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ሊኑክስ ክፍልፍሉን ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል ወይም ጨርሶ አይከፍተውም። አሠራሩን ከዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ ማጥፋት ይቻላል።

ክፍልፍልን መቀየርና መብራት

ክፍልፍልን ማጥበብ ወይም ከቦታው ማንቀሳቀስ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ከቦታ ወደ ቦታ ማጓጓዝን ይጠይቃል፤ በባለ ሳህን ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በመሃል መብራት ቢጠፋ ግማሹ በአዲሱ፣ ግማሹ በአሮጌው ቦታ ላይ ሊቀርና ክፍልፍሉ ሊበላሽ ይችላል። ፋይል ሲስተሙ መዝገብ ቢይዝም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ዋስትና አይሆንም። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሥራው በዩፒኤስ ወይም ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ላይ ቢሠራ ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል።

ዲስኮችን ማጣመር

ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ዲስክ ማሠራት ሬይድ ይባላል። ስሙ የታወቀው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ተመራማሪዎች ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትስ በ1988 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጽሑፍ ነው። ሬይድ 0 ፋይሎችን በዲስኮቹ ላይ አከፋፍሎ ስለሚጽፍ ፍጥነት ይጨምራል፤ ነገር ግን አንዱ ዲስክ ሲበላሽ የሁሉም ፋይል ይጠፋል። ሬይድ 1 ተመሳሳይ መረጃ በሁለት ዲስኮች ላይ ስለሚጽፍ አንዱ ቢበላሽ ሥራው ይቀጥላል። ሬይድ 5 ቢያንስ ሦስት ዲስኮች ይፈልጋል፤ የአንዱን ዲስክ መበላሸት ይችላል።

ሬይድ 1 የቅጂን ቦታ አይተካም። በስህተት የተሰረዘ ወይም በቫይረስ የተበላሸ ፋይል በዚያው ቅጽበት በሁለተኛው ዲስክ ላይም ይሰረዛል ወይም ይበላሻል።

ቅጂና መረጃን ማስመለስ

የዲስክ መበላሸት አንዳንድ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፦ ፋይል ለመክፈት ረጅም ጊዜ መውሰድ፣ ከባለ ሳህን ዲስክ የሚሰማ የመቋቋት ድምፅ፣ እንዲሁም ስማርት የተባለው የዲስኩ የራስ ምርመራ የተበላሹ ሴክተሮች መብዛታቸውን ማሳየት። ያገለገለ ዲስክ ሲገዛ በዚሁ ምርመራ ስንት ሰዓት እንደሠራ ማየት ይቻላል። ያለ ምንም ምልክት የሚበላሹ ዲስኮችም አሉ፤ በተለይ ኤስኤስዲ ድንገት ሊቆም ይችላል።

ክፍልፍል በስህተት ከተሰረዘ መጀመሪያ መደረግ ያለበት በዲስኩ ላይ ምንም አለመጻፍ ነው። በባለ ሳህን ዲስክ ላይ ክፍልፍል ሲሰረዝ በአብዛኛው የሚጠፋው የሰንጠረዡ መስመር ነው፤ ፋይሎቹ ሌላ እስኪጻፍባቸው ድረስ በቦታቸው ይቆያሉ። ቴስትዲስክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም እንዲህ የጠፉ ክፍልፍሎችን ፈልጎ ወደ ሰንጠረዡ ሊመልስ ይችላል። በኤስኤስዲ ላይ ግን ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ፎርማት ሲደረግ ትሪም የተባለው ትእዛዝ ቦታው ነፃ መሆኑን ለዲስኩ ስለሚነግረው ዲስኩ ራሱ ያጸዳዋል።

ዲስክ በቢትሎከር ከተመሰጠረ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲዛወር 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከጠፋ ዲስኩ ጤነኛ ቢሆንም ፋይሎቹ አይከፈቱም። በመሆኑም ቁልፉ ከዚያ ኮምፒዩተር ውጭ ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ደንብ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ በሚል ይታወቃል፦ የአንድ ፋይል ሦስት ቅጂዎች፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከላይ በተጠቀሰው ባለ ሦስት ዲስክ ምሳሌ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ዲስክ አንድ፣ የውጭው ዲስክ ሁለት ይሆናል። ሦስተኛው በዘመድ ቤት የተቀመጠ ዲስክ ወይም የኢንተርኔት ማከማቻ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት ውድ ወይም ዝግተኛ በሆነበት ቦታ ሁሉንም መላክ አስፈላጊ አይደለም፤ እንደገና ሊገኙ የማይችሉትን፣ ማለትም የቤተሰብ ፎቶግራፎችን፣ የመመረቂያ ጽሑፍንና የሥራ ሰነዶችን ማስቀደም ይቻላል። ፊልምና ፕሮግራም እንደገና ይገኛል።

ቅጂ ተይዟል ለማለት መገልበጡ ብቻ አይበቃም። አልፎ አልፎ የውጭውን ዲስክ ሰክቶ ጥቂት ፋይሎችን መክፈትና ማየት ያስፈልጋል፤ የቅጂው ዲስክም እንደማንኛውም ዲስክ ሊበላሽ ይችላል።